ዘሩ ነው የደከመው ወይስ ዋጉ ነው የተለወጠው?

የባሌ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ለዓመታት ሲከነክነኝ የኖረ ጥያቄ አለኝ። የምታውቁ ካላችሁ ረጋ ብላችሁ አስረዱኝ።

ያደግኩት ባሌ ነው፣ ስንዴ መሃል። አባቴ ድሮ የሚዘራው ኩብሳ ነበር። በ2003 መግቢያ ላይ ቢጫ ዋግ የሚባለው ስንዴ የሚያጠቃ ፈንገስ ገባና ኩብሳን አወደመው። ከዚያ ብዙ ሰው ፊቱን ወደ ዲጋሉ አዞረ። ዲጋሉ ቢጫ ዋጉን ይችለዋል፣ ያን ጊዜ ዓለምን ያስጨነቀውን ዩጂ 99 የሚባለውን የግንድ ዋግም ይችለዋል ተባለ፤ እውነትም ቻለው። ጥሩ ዓመታት አሳለፍን።

ኅዳር 2006 ላይ ከዩኒቨርሲቲ ለጥቂት ቀን ቤት ሄድኩ። ማሳው ከመንገድ ሲታይ የደረሰ ይመስላል። ገባሁበት። ስወጣ ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ ድረስ የሸክላ ዱቄት የተነሰነሰበት መስሏል። የአገዳው ቆዳ ተሰነጣጥቋል፣ ስንጥቁ ውስጥ ቡናማ ቀይ ብናኝ ታጭቋል፤ በአውራ ጣቴ ጠረግ ሳደርገው ጣቴ ቀላ። አንድ ዛላ አሽቼ እፍ ስለው ፍሬው ከገለባው ጋር አብሮ በረረ። ክብደት የሚባል የለውም። አባቴ አጠገቤ ቆሞ ያየኛል። «ዘሩ ደከመ» አለኝ፣ ሌላ ቃል አልጨመረም። ያን ዓመት እኛ ማሳ ላይ ኮምባይነር አልገባም።

ጎረቤቱም የልማት ሠራተኛውም የሚሉት ያንኑ ነው፤ ዘሩ ደከመ። ለእኔ ግን አልዋጥ አለኝ። ስንዴ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ሰብል ነው። ያን ዓመት የተዘራው ዲጋሉ በ1997 ከወጣው ዲጋሉ ጋር ጂኑ ያው ነው። ታዲያ ዘር እንዴት ይደክማል? ዋጉ ነው የተለወጠው ከተባለስ እንዴት እንዲህ ፈጥኖ? ሁለት ፍጥረታት አንዱ ሌላውን እየተከተለ ሲለወጥ ፍጥነቱን የሚወስነው ምንድን ነው?

ሰብል ጠባቂ፦

ወንድሜ፣ አባትህ ያዩት ነገር እውነት ነው፣ ስሙ ላይ ብቻ ነው ስህተቱ። ዘሩ አልደከመም። ዲጋሉ ዛሬም የድሮውን ዋግ ብታመጣበት ይመልሰዋል። የተለወጠው የመጣበት ዋግ ነው። እኔ የሰብል በሽታ ላይ ስለምሠራ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ።

ዋግ ስንዴው ላይ ሲያርፍ ወደ ሴሉ ውስጥ ብዙ ዓይነት ፕሮቲን ይልካል። ሥራቸው የስንዴውን መከላከያ ማፈንና ምግብ እንዲቀርብለት ማድረግ ነው። ስንዴው በበኩሉ ዘበኛ የሚሆኑ ጂኖች አሉት። አንዱ ዘበኛ የሚያውቀው አንድ ፊት ነው፣ ማለትም ዋጉ ከሚልካቸው ፕሮቲኖች አንዱን። ያንን ፊት ካየ ይጮሃል፣ የተነካው ሴል ራሱን ይገድላል፣ ዋጉም የሞተ ሴል መብላት ስለማይችል እዚያው ይቀራል። ቅጠሉ ላይ የምታየው ትንሽ የደረቀ ነጥብ ብቻ ነው።

ይህን ያጣራው ሃሮልድ ፍሎር የሚባል አሜሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ሰሜን ዳኮታ ውስጥ በተልባና በተልባ ዋግ ላይ ሠራ። ተልባውን ብቻ ሳይሆን ዋጉንም አዳቀለ፤ ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው። የሁለቱንም ልጆች እርስ በርስ ሲፈትን፣ ተልባው ውስጥ ላለው ለእያንዳንዱ የመከላከያ ጂን ዋጉ ውስጥ አቻ ጂን እንዳለ አገኘ። ጂን ለጂን የሚባለው ከዚያ ወዲህ ነው።

አሁን ጉዱን ተመልከት። ዋጉ ከዘበኛው ለማምለጥ አዲስ ነገር መፍጠር የለበትም። የሚታወቅበትን ፊት መጣል ይበቃዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 ሁለት የምርምር ቡድኖች ይህንኑ የግንድ ዋግ ላይ በዓይን የሚታይ ያህል አሳዩት። ኤስአር 35 የሚባለው የስንዴ ዘበኛ የሚያውቀው የዋግ ጂን አለ። ከዚህ ዘበኛ ያመለጡት ዋጎች ያ ጂን መሃሉ ላይ ከቦታ ቦታ የሚዘል ቁራጭ ዲኤንኤ ገብቶበት ተበላሽቷል። በቃ፣ ጂኑ ስለተበላሸ አሸነፈ። ነገር ማበላሸት ደግሞ ከመሥራት ምን ያህል እንደሚቀል ታውቃለህ።

ሌላም አለ። የዋግ ሴል ውስጥ ሁለት ኒውክለስ (ጂኖቹ የሚቀመጡበት ማዕከል) ነው ያለው፣ ስለዚህ የእያንዳንዱ ጂን ሁለት ቅጂ አለው። አንዱ ቅጂ ቢበላሽ ሌላው አሁንም ፊቱን ያሳያል፣ ዘበኛውም ይይዘዋል። ግን ያ ዋግ ከማምለጥ አንድ እርምጃ ብቻ ነው የቀረው። ከውጭ ስታየው ደካማ ዋግ ነው፣ ውስጡ ግን ግማሽ መንገድ ሄዷል። አንድ ቁስል በቀን በሺዎች የሚቆጠር ዋጉ የሚራባበት ብናኝ ያወጣል፣ አንድ ትውልድ ደግሞ በሁለት ሳምንት ገደማ ይዞራል፣ ባሌ ደግሞ በበልግም በመኸርም ስንዴ አለ፣ ስለዚህ ዋጉ አረንጓዴ ሳያጣ ከአንዱ ወቅት ወደ ሌላው ይሻገራል። ስንዴው በዚህ ሁሉ ጊዜ አንዲት ስንዝር አልተንቀሳቀሰም። የፍጥነቱ ምሥጢር ይኸው ነው።

ኩብሳን የጣለው ዬአር 27 የሚባለውን ዘበኛ ያለፈ ቢጫ ዋግ ነበር። ዲጋሉን ደግሞ ኤስአር ቲኤምፒ የሚባለው ጂን ከዩጂ 99 ጠበቀው። በ2006 ባሌና አርሲ ላይ የመጣው ግን የዩጂ 99 ዘር አይደለም፤ ተመራማሪዎች ቲኬቲቲኤፍ ብለው የሰየሙት ሌላ ዋግ ነው፣ ኤስአር ቲኤምፒን የማይፈራ። ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታል። ዩጂ 99 እ.ኤ.አ. በ1998 ኡጋንዳ ተገኘ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 እኛ ጋ ደረሰ፤ እሱ የጣለው ራይ ከሚባለው የስንዴ ዘመድ ወደ ስንዴ የተሻገረውንና ለአሥርተ ዓመታት የቆየውን ኤስአር 31ን ነው። ዲጋሉ አንዱን በር ዘግቶ ሲጠብቅ ሌላኛው በሌላ በር ገባ።

የሥነ ሕይወት መምህር፦

ሰብል ጠባቂ ግሩም አድርገህ ጽፈኸዋል። አንድ ነገር ግን ልሞግትህ። ጠያቂው «አንዱ ሌላውን እየተከተለ ሲለወጥ» ብሏል። ይሄ በትክክለኛ ስሙ ጣምራ ዝግመተ ለውጥ ነው፤ ሁለቱም ወገን ሲለወጥ ነው። እዚህ የተለወጠው ዋጉ ብቻ ነው። ስንዴውን የሚለውጠው አዳቃዩ ነው፣ እሱም አሥር ምናምን ዓመት ወስዶ። የአንድ ወገን ሩጫ ነው የነገርከን።

ተማሪዎቼን ሳስተምር የምወደውን ምሳሌ ላምጣ። ሰሜን አሜሪካ፣ ምዕራቡ ዳርቻ፣ ኦሪገንና ካሊፎርኒያ አካባቢ አንድ ሳላማንደር አለ። እንሽላሊት ይመስላል ግን ቆዳው እርጥብ፣ የእንቁራሪት ወገን ነው። ሆዱ ብርቱካናማ ነው። ቆዳው ውስጥ ያለው መርዝ ቴትሮዶቶክሲን ይባላል፣ የዚያ የታወቀው የሚነፋ ዓሣ መርዝ። ነርቭና ጡንቻ ላይ ሶዲየም የሚያልፍበትን በር ይደፍናል፣ እንስሳው ሽባ ሆኖ መተንፈስ አቅቶት ይሞታል። አንዳንዱ ቦታ የሚገኝ አንድ ሳላማንደር ሰው ለመግደል የሚበቃ መርዝ ይይዛል። እንዲያም ሆኖ የሚበላው እባብ አለ። ጡንቻው ላይ ያለው የሶዲየም በር ትንሽ ተለውጧል፣ መርዙ አይገጥምለትም።

አሁን ወደ ጥያቄው ስንመጣ፣ የእባቡን መቋቋም የሚሰጠው በአንድ ጂን ላይ ያሉ ጥቂት ለውጦች ናቸው። አንዷ ለውጥ ብቻዋን እባቡን ብዙ ርቀት ታስፈነጥረዋለች። እ.ኤ.አ. በ2008 ሃኒፊን እና ሁለቱ ብሮዲዎች፣ አባትና ልጅ ናቸው፣ በብዙ አካባቢ የሳላማንደሩን መርዝና የእባቡን አቅም ጎን ለጎን ለክተው አወጡ። ከአካባቢዎቹ ሲሶ በሚሆኑት ሁለቱ አይመጣጠኑም። ባልተመጣጠኑበት ሁሉ ደግሞ የቀደመው እባቡ ነው። እነሱ ያቀረቡት ማብራሪያ የጂኑ አሠራር ነው፤ በትልቅ ዝላይ የሚለወጥ ወገን ከውድድሩ ጭራሽ አምልጦ ሊወጣ ይችላል፣ ያኔ ሳላማንደሩ የፈለገውን ያህል መርዝ ቢጨምር እባቡ አይነካውም፣ እባቡም ከዚያ በላይ እንዲለወጥ የሚገፋው ነገር የለም።

እና ለጠያቂው የእኔ መልስ ይሄ ነው፦ ፍጥነቱን የሚወስነው የጂኖቹ ብዛትና የእያንዳንዳቸው ክብደት ነው። ብዙ ጂን እያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት ሲያዋጣ ለውጡ በዳገት እንደሚሄድ በቅሎ ነው፣ ቀስ እያለ። አንድ ከባድ ጂን ሲሆን በዝላይ ነው።

ሰብል ጠባቂ፦

መምህር፣ ሙግትህን ግማሹን እቀበላለሁ። የዛሬው የስንዴ ማሳ ላይ ልክ ነህ። ግን ተፈጥሮ ራሷ ስትሠራው ማየት ከፈለግክ አውስትራሊያ ሂድ። እዚያ የዱር ተልባ አለ፣ የራሱ ዋግም አለው፣ ማንም አያዳቅላቸውም። ዘበኛ ጂን የበዛበት የተልባ መንደር ላይ ብዙ ዘበኛ የሚያልፍ ዋግ ይገኛል። ዘበኛ ያነሰበት መንደር ላይ ግን ያ ሁሉን አላፊ ዋግ አይበዛም። ምክንያቱም ሁሉን የሚያልፈው ዋግ ብናኙ ያንሳል፤ ፊቱን ሲጥል አብሮ የጣለው ጥቅም አለ። ስለዚህ አንዱ ሲወጣ ሌላው ሲወርድ ሁለቱም ይኖራሉ፣ ማንም ማንንም ሙልጭ አድርጎ አያጠፋም።

የእኛ ማሳ ችግር ይኸው ነው። ከአድማስ እስከ አድማስ አንድ ዓይነት ስንዴ ሲሆን፣ ያቺን አንድ ዘበኛ ያለፈ ዋግ ብናኙ ቢያንስም ምን ቸገረው? የሚወድቅበት ቅጠል ሁሉ የእሱ ነው።

አርሶ አደር ከኢተያ፦

ልጆች፣ የጻፋችሁትን ልጄ አነበበችልኝ፣ ይህንንም እሷው ናት የምትጽፍልኝ። እኔ አርሲ ውስጥ ከአርባ ዓመት በላይ ስንዴ ዘርቻለሁ።

የዱር ተልባውን ነገር ስትናገሩ የአባቴ ማሳ ትዝ አለኝ። ያኔ የሚዘራው ያገር ስንዴ ድብልቅ ነበር። አንዱ ዛላ ነጭ፣ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ወይን ጠጅ፣ አንዱ ረዥም፣ አንዱ አጭር። ዋግ ሳይገባበት የቀረ ዓመት አላስታውስም፤ ግን ማሳውን ሙሉ የበላበት ዓመትም አላስታውስም። እዚህ አንዱን ይበላል፣ አጠገቡ ያለውን ይተወዋል። ምርቱ ከዛሬው ጋር አይወዳደርም፣ እሱን አልክድም። ዛሬ የማገኘውን ኩንታል አባቴ ቢያይ አያምንም። ግን ጎተራው ባዶ ሆኖ ያደረበት ዓመት አልነበረም።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። አንድ ዘበኛ ብቻ ያለው ዘር እንደሚወድቅ ካወቃችሁ ለምን እሱኑ ትሰጡናላችሁ? በ2006 ለመድኃኒት ተበድሬ ያወጣሁት ብር ነበር፣ ከአንድ ነጋዴ የገዛሁት መድኃኒት ውሃ ይሁን ሌላ እንጃ ምንም አላደረገልኝም፣ ዕዳውን ለመክፈል ሁለት በሬ ሸጫለሁ።

ሌላ ደግሞ፣ ከጥቂት ዓመት ወዲህ ካገኘሁት አንድ ዘር ላይ ከዛላው በታች አንገቱ ላይ ጥላሸት የመሰለ ጥቁረት አያለሁ። ገለፈቱም ላይ አለ። ይሄ ምን በሽታ ነው? ነቅዬ ልጣለው?

ሰብል ጠባቂ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ እርስዎ የጠየቁት ጥያቄ ለእኛ ለባለሙያዎቹ የሚገባ ጥያቄ ነው። አንድ ትልቅ ጂን ማስገባት ቀላል ስለሆነ ነው። ቡቃያው ላይ ዋግ ይረጫል፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ማን እንደያዘ ማን እንዳልያዘ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ንጹሑን ወስዶ ማባዛት ነው። ጥቂት ጥቂት የሚያዋጡ ጂኖችን መሰብሰብ ግን ዓመታት ይፈጃል፣ ማሳ ላይ ነው የሚታየው፣ ያውም ስንዴው ካደገ በኋላ። ቀላሉን መንገድ መርጠን ዋጋውን የከፈላችሁት እናንተ ናችሁ። ይህን ስል ከልቤ ነው።

እባክዎ ያንን ጥቁረት ያለበትን እንዳይነቅሉት! እርግጠኛ ለመሆን ማየት ያስፈልጋል፣ ግን የነገሩኝ ምልክት ኤስአር 2 የሚባል ጂን ያለባቸው ስንዴዎች ላይ የሚታየውን ይመስላል። በተለይ ከአንጓው በታችና ገለፈቱ ላይ ከሆነ። በጣትዎ አሽተውት ጥቁሩ ዱቄት ሆኖ ከወጣ ሌላ በሽታ ነው። ካልወጣ፣ የተክሉ የራሱ ቀለም ከሆነ፣ ጥሩ ምልክት ነው።

ኤስአር 2 መቶ ዓመት ገደማ ሆኖታል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ከስንዴ ዘመድ ወደ ዳቦ ስንዴ የተሻገረ ነው፣ እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ ያሸነፈው ዋግ የለም። ለምን? ዘበኛ አይደለም። ዋጉን አይገድለውም። ያዘገየዋል፣ ቁስሉን ያሳንሰዋል፣ ብናኙን ይቀንሰዋል። ኤልአር 34 የሚባልም አለ፣ እሱ ደግሞ የግንዱንም የቅጠሉንም ቢጫውንም ዋግ አንድ ላይ ያዘገያል፣ የቅጠሉ ጫፍ ትንሽ ደረቅ ማለቱ ነው ምልክቱ። አንድ አንዱ ብቻውን ማሳ አያድንም፤ በከባድ ዓመት ያስፈራል። አራት አምስት ሲሆኑ ግን ማሳው ላይ ዋግ ታያለህ፣ ፍሬውም ይሞላል።

ገብስ ከጀርመን፦

ሰላም። እኔ ኑሮዬ ጀርመን ነው፣ ሥራዬም ገብስ ማዳቀል ላይ። ውይይቱን ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም፣ ምክንያቱም የረዥም ዕድሜው ሌላ መንገድ ከአገራችን የመጣ ነው።

የአውሮፓ ገብስ ላይ ቅጠሉን ነጭ ዱቄት የሚያለብስ ፈንገስ አለ። አዳቃዮቹ እንደ ዲጋሉ ዘበኛ ጂን ያስገባሉ፣ ጥቂት ዓመት ይሠራል፣ ይወድቃል፣ ሌላ ያስገባሉ፣ ይወድቃል። ከዚያ ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1937 እና 38 ኢትዮጵያ መጥተው ከሰበሰቡት ያገር ገብስ ውስጥ ይህ ፈንገስ የማይዘው ተገኘ። መከላከያው ኤምኤልኦ 11 ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1979 ሆላንድ ውስጥ በወጣ ዝርያ ገበያ ገባ፣ እስከ ዛሬም በብዙ የአውሮፓ የበልግ ገብስ ውስጥ ይሠራል።

አሠራሩ ነው የሚገርመው። ይሄም ዘበኛ አይደለም። ገብስ ሁሉ ያለው አንድ ጂን አለ፣ ፈንገሱ ወደ ሴሉ ለመግባት የሚጠቀምበት። የኢትዮጵያው ገብስ ያ ጂን እንዳይሠራ ሆኖበታል። ሰብል ጠባቂ እንዳለው ከዘበኛ ለማምለጥ ፊትን መጣል ይበቃል። እዚህ ግን ፈንገሱ ምን ይጣል? የሚገባበት በር የለም። አዲስ በር መክፈት አለበት፣ እሱ ደግሞ ከባድ ነው።

ነጻ አይደለም፤ ይህ ጂን የተዘጋበት ገብስ ለአንዳንድ ሌሎች ፈንገሶች የበለጠ ይጋለጣል፣ ቅጠሉም ላይ በሽታ ሳይኖር ነጠብጣብ ይወጣል። ግን የኢትዮጵያው ዓይነት ጉዳቱ ቀለል ያለ ስለነበር ነው የተመረጠው። ያንን ዘር በእጁ መርጦ ያቆየው የማን አያት እንደሆነ አናውቅም። ቢራ ፋብሪካ አጠገብ ባለፍኩ ቁጥር አስበዋለሁ።

የባሌ ልጅ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የበሬዎቹን ነገር ሳነብ ልቤ ተነካ፤ እኛም ቤት አንድ ወይፈን ሄዷል።

ትናንት ማታ ለአባቴ ደወልኩና ያነበብኩትን በቻልኩት ነገርኩት። ዘበኛውን ወዲያው ገባው። ሁለቱን ኒውክለስ ግን እንዴት ብዬ እንደማስረዳው አላወቅኩም ነበር፤ «መንታ መዝጊያ ያለው በር፣ አንዱ መዝጊያ ቀድሞ የበሰበሰ» አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ «ታዲያ በ2006 የመጣው ዋግ እኛ ማሳ ላይ ነው የበሰበሰው ወይስ ተሠርቶ ነው የመጣው?» አለኝ። ሰብል ጠባቂ፣ ይህን መልስልኝ፣ እኔ አልመለስኩለትም።

ሰብል ጠባቂ፦

ተሠርቶ ነው የመጣው ብላቸው፤ የዚያ ዋግ ዘመዶች ከእኛ በፊት መካከለኛው ምሥራቅ ታይተዋል። ዋግ በነፋስ ባሕር ይሻገራል። ዩጂ 99 ራሱ ያልጠበቅነው ታሪክ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ ጥናት ከሁለቱ ኒውክለሶቹ አንዱ አውስትራሊያና ደቡብ አፍሪካ ከሚታወቅ የድሮ ዋግ የመጣ ሆኖ ተገኘ። ሁለት ዋጎች አንድ ቅጠል ላይ ተገናኝተው፣ ሳይዳቀሉ፣ ኒውክለስ ተለዋውጠው ነው። አባትህ በሩን ካነሱ፣ ከሁለት አሮጌ በሮች አንድ አንድ መዝጊያ ተነቅሎ አዲስ በር ተሠራ በላቸው።

እና ስትሄድ ማሳው ላይ አንድ ነገር ሥራልኝ። ከበሽታው ንጹሑን ስንዴ አትፈልግ። ጥቂት ጥቂት ቁስል ያለበትን ግን ፍሬው የሞላውን ፈልግ፣ ዛላውን እሰርና ለብቻ አስቀምጥልኝ።

የባሌ ልጅ፦

ቅዳሜ እሄዳለሁ። አባቴ ከቤቱ ጀርባ ለእናቴ ዳቦ ብሎ የሚዘራት አንዲት ቁራጭ መሬት አለች፣ ከድሮው ድብልቅ የቀረች። ቀይ ክር ይዤ እገባባታለሁ።